ቀኝ የሌለው ምርቃት

ለኮምፒውተር የድምፅ ካርድ መምረጥ ግጥምና ወግ በሚነበብበት ገጽ ላይ የሚነሣ ጉዳይ አይመስልም። እኔም ባላነሣሁት ነበር። ነገር ግን ባለፈው ክረምት፣ ነቀምቴ ባኬ ጃማ ባለው ቤታችን፣ በዚሁ ዕቃ ምክንያት ከታናሽ ወንድሜ ጋር ሦስት ሳምንት ተከራከርን፤ በመጨረሻም ሁለታችንም ስለ መስማት አንዳንድ ነገር ተማርን። ግጥም የሚወድ ሰው ደግሞ የመስማት ነገር ይገደዋልና ልንገራችሁ።

ቤታችን ያለው ላፕቶፕ የሁለታችን ነው። ቀን ወንድሜ ጌም ይጫወትበታል፤ ማታ እኔ ሙዚቃ እሰማበታለሁ። ሙዚቃን በኮምፒውተሩ ውስጥ ማከማቸት የለመድሁት በ2012 ዓ.ም. በምዕራብ ኦሮሚያ ስልክና ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ በነበረበት ጊዜ ነው። ያን ጊዜ የኔ የምትለው በእጅህ የያዝኸውን ብቻ ነበር።

ወንድሜ የድምፅ ካርድ የፈለገው በጌሙ ውስጥ ከኋላው የሚመጣውን የጠላት ኮቴ ቶሎ ለመለየት ነው። እኔ ሁለት ምክንያት ነበረኝ። አንደኛው የዓለሙ አጋን በገና ጥርት አድርጎ መስማት፤ ሁለተኛው አባታችን በታላቅ እኅታችን ሠርግ ላይ ያሰማውን ምርቃት ከካሴት ወደ ኮምፒውተር ማዛወር ነው። አባታችን ካረፈ ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል። ድምፁ የቀረው በዚያ አንድ ካሴት ላይ ብቻ ነው፤ ክሩም አርጅቶ በየጊዜው ቴፑ ውስጥ ይጠመጠማል። የጌም ኮቴና የአባት ምርቃት በአንድ የገንዘብ ውይይት ውስጥ እኩል መነሣታቸው፣ እውነቱን ለመናገር፣ አናዶኝ ነበር።

ቀኑን ሙሉ በባንክ መስኮት ከቁጥር ጋር የምውል ሰው ነኝና በመጀመሪያ ያመንሁት ቁጥርን ነው። ሲዲ ድምፅን በሰከንድ 44,100 ጊዜ እየለካ፣ እያንዳንዱን ልክ በ16 ቢት ይመዘግባል። ውድ ካርዶች ደግሞ 192,000 እና 24 ቢት የሚል ጽሑፍ በካርቶናቸው ላይ ይዘው ይመጣሉ። የሚበልጠውን ለማወቅ ሒሳብ ሹም መሆን አያሻም። ዳሩ ግን ነገሩን ስመረምር፣ የሰው ጆሮ ጤነኛ ሲሆን የሚሰማው በሰከንድ እስከ 20,000 ንዝረት ድረስ ነው፤ ለዚህም የሲዲው 44,100 በቂ ነው። 16 ቢት ደግሞ በዝቅተኛውና በከፍተኛው ድምፅ መካከል 96 ዲሲቤል ያህል ርቀት ይሰጣል፤ ካሴት ወደዚያ አይጠጋም። እንግዲህ ለአባቴ ካሴት ባለ 192,000 ካርድ መግዛት ለአንድ ጣሳ ጠላ ጋን መግዛት ነው።

የዕቃውም ታሪክ ወደዚሁ ያመለክታል። የሲንጋፖሩ ክሪኤቲቭ ኩባንያ ሳውንድ ብላስተር የተባለውን ካርዱን እ.ኤ.አ. በ1989 ሲያወጣ፣ አብዛኛው የግል ኮምፒውተር በራሱ ከጢጥታ ያለፈ ድምፅ አልነበረውም። ያን ጊዜ ካርድ መግዛት ለዲዳ አንደበት እንደ መስጠት ነበር። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ግን የድምፁ ክፍል ከማዘርቦርዱ ጋር አብሮ መሠራት የተለመደ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2007 ለሕዝብ የቀረበው ዊንዶውስ ቪስታ ደግሞ ጌሞች የካርዱን ጉልበት በቀጥታ የሚጠቀሙበትን የቀድሞ መንገድ ዘጋው፤ ኮቴው ከግራ ይምጣ ከቀኝ የሚያሰላውም በአብዛኛው ዋናው ፕሮሰሰር ሆነ። ይህን ለወንድሜ በድል አድራጊነት ነገርሁት።

እሱም ዝም አላለም። ከአንድ የሥራ ባልደረባዬ አንድ ውድ ካርድ ለቅዳሜና እሑድ ተውሼ ነበርና፣ “እንግዲያው እንፈትነው” አለኝ። ጃማ በኦሮምኛ ዓይነ ስውር ማለት ነው። ወንድሜ በዚሁ ቀልዶ፣ “እንደ ሰፈራችን ስም እንሁን” ብሎ ዓይኔን በእማዬ ነጠላ ሸፈነው፤ ማዳመጫውንም አንዴ ከላፕቶፑ አንዴ ከካርዱ እየሰካ፣ ድምፁን እኩል እያደረገ ያሰማኝ ጀመር። በገናውን መረጥሁ። ዐሥሩ አውታሮች በብርኩማው ላይ በሚያልፉበት ቦታ የምትሻጠው ትንሽ ቁራጭ ቆዳ የምትፈጥረው ያ ነዛሪ ድምፅ ለጆሮ ጥሩ ፈተና ነው ብዬ። ከዐሥር ጊዜ ስድስቱን አወቅሁ። ሳንቲም ብወረውርም ከዚህ ብዙ አልርቅም ነበር። በግልጽ የለየሁት ነገር ቢኖር ቻርጀሩ በተሰካ ጊዜ ከላፕቶፑ የሚወጣውን ቀጭን እዝታ ነው፤ ቻርጀሩን ስንነቅለው እሱም ጠፋ።

ስለዚህ ካርድ አያስፈልግም ብዬ ፈረድሁ። የእማዬን አሮጌ ቴፕ አውጥቼ፣ በገመድ ከላፕቶፑ የማይክ ቀዳዳ ጋር አገናኝቼ፣ ካሴቱን እየፈራሁ አጫወትሁት። ክሩ ሳይጠመጠም አለቀ። አባዬ ተናገረ። እኔም ሥራዬን ጨረስሁ ብዬ ተደሰትሁ።

ወንድሜ ማዳመጫውን በጆሮው አድርጎ ጥቂት ከሰማ በኋላ አውልቆ አየኝ።

“ጋሼ፣ ይኼ ቀረጻ ቀኝ የለውም።”

“እንዴት?”

“ሰው ሁሉ ግንባሬ መሃል ላይ ቆሞ ነው የሚናገረው። ቤቱ የለም። ደግሞ ድምፁ ከፍ ሲል ይሰነጠቃል።”

ልክ ነበር። የብዙ ላፕቶፖች የማይክ ቀዳዳ የሚቀበለው የአንድ ወገን ድምፅ ብቻ ነው፤ ከካሴቱ ግራውን ወስዶ ቀኙን ይተወዋል። የተሠራውም ለማይክ ደካማ ድምፅ ስለሆነ፣ ከቴፕ የሚመጣው ብርቱ ድምፅ ሲገባበት ይፈነዳል። ያ ምርቃት ደግሞ የተቀዳው ሁለት ማይክ ባለው ቴፕ ነው፤ ቴፑም በአባዬና በእንግዶቹ መካከል ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ነበር። አባዬ በግራ፤ እንግዶቹ በቀኝ። በእኛ አገር ሽማግሌ ሲመርቅ ብቻውን አይመርቅም። እሱ አንድ ቃል ባለ ቁጥር ጉባኤው “ሃ ታኡ” ይላል፤ ይሁን፣ ይደረግ ማለት ነው። እኔ ያተረፍሁት ምርቃት ግን “ሃ ታኡ”ው ከሩቅ እንደሚሰማ ማጉረምረም ሆኖ የቀረ ነው። መራቂው አለ፤ ተቀባዩ የለም።

ይህን ያወቀው ግጥም የምጽፈው እኔ አይደለሁም። ከቀኝ የሚመጣ ድምፅ ቀኝ ጆሮን ቀድሞ ይነካል፤ ልዩነቱ ከሰከንድ አንድ ሺኛ እንኳ ያንሳል፤ ጆሮ ግን በዚያች ቅንጣት አቅጣጫን ያውቃል። ወንድሜ ይህችን ቅንጣት በኮቴ ሲለማመዳት ዓመታት ቆይቷል። እኔ የጊዜ ማባከኛ እለው የነበረው ነገር ጆሮውን ሲስልለት ኖሯል።

ከዚያ በኋላ ምርጫው ቀላል ሆነ። በዩኤስቢ የሚሰካ፣ ግራና ቀኝን ለየብቻ የሚቀበል ላይን ኢን ያለው ካርድ ገዛን። ከውዶቹ ተርታ አይደለም። የቴፑን ራስ በአልኮል ጠረግነው። በማይፈለግ ካሴት ደጋግመን ሞክረን ድምፁ ቀዩን መሥመር እንዳይነካ ለካን። ከዚያም ቻርጀሩን ነቅለን፣ በባትሪ፣ የአባዬን ካሴት ለሁለተኛ ጊዜ ከፈትነው።

እናንተም ካርድ ልትገዙ ካሰባችሁ፣ ከካርቶኑ ቁጥር በፊት ምን እንዳትሰሙ እንደ ሆነ ፈልጉ። የሚያስቸግራችሁ እዝታ ከሆነ መጀመሪያ ቻርጀሩን ንቀሉ። ሙዚቃው ደብዛዛ ከሆነ ካርዱን ሳይሆን የጆሮ ማዳመጫውን ጠርጥሩ። መቅዳት ከፈለጋችሁ መግቢያውን እዩ። ዓይናችሁንም ሸፍናችሁ ፈትኑ።

እማዬ ማዳመጫ አድርጋ አታውቅም። ወንድሜ ቀኙንና ግራውን እንዳያዛባ ተጠንቅቆ በጆሮዋ አደረገላት። አባዬ በግራዋ ጀመረ። እሷ ጥቂት ጸጥ ብላ ቆየችና ፊቷን ወደ ቀኝ፣ ወደ ባዶው ግድግዳ አዞረች። ከዚያ ከእንግዶቹ ጋር እኩል፣ “ሃ ታኡ” አለች።

አሁን ወንድሜ ኮቴ ሲያዳምጥ “ዝጋው” አልለውም።