ደንገል እንደ ፋሻ ይታሰራል

ከደብረ ማርቆስ ተነሥቶ በፍኖተ ሰላምና በእንጅባራ በኩል ባሕር ዳር ለሚገባ ቤተሰብ፣ ጣና ዳር ከዓሣ ጥብስ ሌላ ለልጆች የሚታይ ነገር አለ፦ የደንገል ታንኳ። ጣውላም ሚስማርም የለውም፤ የደረቀ ደንገል በነዶ በነዶ እየታሰረ ይሠራል። የደንገሉ ልብ አየር ስለያዘ ይንሳፈፋል፤ ውሎ ሲያድር ግን ውኃ ስለሚጠጣ ከሥራ በኋላ ፀሐይ ላይ ይደርቃል።

በጥር ወር የልጅ ልጄን ይዤ ሄጄ፣ አንድ የነገደ ወይጦ አባት ክንድ የምታህል ታንኳ ማሰር አስተማሩን። «ከላላ ይፈታል፣ ከጠበቀ ይሰበራል» አሉን። ፋሻ ስጠቀልል የኖርኩ ነርስ ነኝና ነገሩ ቶሎ ገባኝ። ልጁ ሦስት ጊዜ ፈትቶ አሰረ፤ በአራተኛው ታንኳዋ ቀጥ ብላ ተንሳፈፈች።

በ1969 እ.ኤ.አ. የኖርዌዩ ቶር ሄየርዳል ከሞሮኮ አትላንቲክን ለማቋረጥ የተነሣባት «ራ» የታሰረችው ከጣና በሄደ ደንገል ነበር። ዛሬ ደንገሉ በእርሻና በግጦሽ እየተመናመነ ነው። ደንገሉ ከጠፋ እጁም ሙያውን ይረሳል። ስለዚህ ወላጆች፣ ትንሿን ታንኳ ገዝታችሁ ብቻ አትመለሱ፤ ለባለሙያው የድካሙን ከፍላችሁ ልጆቻችሁን አጠገቡ አስቀምጡ።