የላላ ለኮ

«ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» የሚለው የአባቶቻችን ቃል ብዙ ጊዜ ለተዋጊው ምክር ሆኖ ሲነገር እንሰማለን። ነገር ግን ፈረሱ ሰውን ከማድረሱ በፊት እርሱ ራሱ በሰው ተመርቶ ሊደርስበት የሚገባ ስፍራ እንዳለ የሚያስተውል ጥቂት ነው። ይህም ስፍራ የጉግስ ሜዳ ወይም የጦር ግንባር አይደለም፤ ውርንጭላው ማንም ሳይታገለው፣ ለኮው ላልቶ እያለ፣ ጸጥ ብሎ የሚቆምበት ስፍራ ነው። እዚያ ያልደረሰ ፈረስ ኮርቻው በብር፣ ግላሱ በሐር ቢያጌጥም ገና አልተገራም።

በአገራችን ፈረስ የከበረ እንስሳ መሆኑን መናገር ለአንባቢ አዲስ ነገር አይሆንም። ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዐፄ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው ተብለው የተጠሩት በፈረሳቸው ስም ነው። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበርም በየዓመቱ ጥር 23 ቀን ያጌጡ ፈረሶቹን በአደባባይ ያሳያል። ይሁን እንጂ ጌታውም ፈረሱም ሲወደሱ፣ ፈረሱን ገና በውርንጭላነቱ ይዞ የሰውን እጅ ያለመደው ሰው ስም በአብዛኛው አይነሣም።

በባሕር ማዶ ይህን የመጀመሪያ ትምህርት ለብቻው የሚያከብሩ ሰዎች አሉ። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1978 የተቋቋመው የድንክ ፈረሶች ማኅበር ቁመታቸው ከ86 ሴንቲ ሜትር ገደማ የማይበልጥ ፈረሶችን ይመዘግባል። እነዚህ ፈረሶች በትርኢት ቀን በለኮ እየተመሩ ከዳኛ ፊት ይቀርባሉ፤ ዳኛውም የእግራቸውን አቋም፣ የአንገታቸውን አወጣጥና አረማመዳቸውን ይመረምራል። ውርንጭላው ዳኛው ሲጠጋው የሚደነብር ከሆነ መልኩ ሁሉ ከንቱ ይሆንበታል። እነርሱ ለውበት ሲሉ የሚያስተምሩት ይህ ትምህርት በይፋት ቆላ ለሕይወት የሚያስፈልግ መሆኑን የተረዳሁት በሸዋ ሮቢት በመንግሥት ሥራ ላይ በነበርሁባቸው ዓመታት ነው።

ሸዋ ሮቢት ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ 220 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ የቆላ ከተማ ናት። ከባሕር ወለል ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍ ካለው ከጣርማ በር ብርድ ተነሥቶ በደብረ ሲና በኩል ቁልቁል የሚወርድ መንገደኛ ጋቢውን ሳያጥፍ ሙቀቱ ይቀበለዋል። አፋሩ፣ አርጎባው፣ ኦሮሞውና አማራው በሚገናኙበት በሰንበቴ ገበያ ጭነቱን ተሸክመው የሚታዩት ግመልና አህያ ናቸው፤ ፈረስ ጥቂት ነው። በ14ኛው መቶ ዓመት የደማስቆው ጸሐፊ አል ዑመሪ የይፋት ሡልጣን 15,000 ፈረሰኛ እንደሚያሰልፍ ጽፎ ነበር። ዛሬ ግን በቆላው ፈረስ የሚያሳድግ ሰው ክረምት በመጣ ቁጥር በሥጋት ይኖራል።

የሥጋቱም ዋነኛ ምክንያት የአፍሪካ የፈረስ በሽታ የሚባለው ደዌ ነው። ይህን በሽታ የምታስተላልፈው ከወባ ትንኝ እጅግ የምታንስ ደም መጣጭ ነፍሳት ስትሆን፣ ሙቀትና እርጥበት በተገናኙበት ስፍራ ትራባለች፤ ይበልጡንም ከምሽት እስከ ንጋት ትነክሳለች። ያልተከተቡና በሽታውን ያልለመዱ ፈረሶች ሲያዙ ከመቶው ዘጠና የሚያህሉት ሊሞቱ ይችላሉ። በቅሎ ከፈረስ፣ አህያም ከበቅሎ ይልቅ ይቋቋመዋል። የታመመውን የሚያድን መድኃኒት የለም፤ ያለው መከላከያ ማታ ማታ ወደ በረት ማስገባትና ዝናቡ ሳይጠና ማስከተብ ነው።

በጎረቤቴ አንድ ከደጋ የወረዱ አዛውንት ነበሩ። የሰባት ወር ዕድሜ ያለው ዳማ ውርንጭላ ገዝተው ሲያድግ ጋሪ ስቦ ቤታቸውን እንዲረዳ ተስፋ አድርገውበት ነበር። ማለዳ ማለዳ ከዐሥራ ሁለት ዓመት የልጅ ልጃቸው ጋር ሆነው ሲያስተምሩት ከአጥር ወዲያ ሆኜ እመለከት ነበር። በመጀመሪያው ሳምንት ለኮ የሚባል ነገር አላሳዩትም፤ አንገቱን፣ ትከሻውን፣ ጆሮውን፣ ኋላም እግሮቹን በእጃቸው እየዳበሱ ብቻ ዋሉ። ከዚያ በኋላ አፍንጫው ላይ የሚያርፈውን ገመድ በለስላሳ ጨርቅ ጠቅልለው አጠለቁለት። ልጁንም ከፊት ሆኖ እንዳይጎትት ከልክለው በውርንጭላው ትከሻ አጠገብ አቆሙት። ልጁ ለኮውን በጥቂቱ ወጠር ያደርጋል፤ ውርንጭላው አንዲት እርምጃ የተራመደ እንደ ሆነ በዚያው ቅጽበት ያላላለታል። ትምህርቱም ከሩብ ሰዓት አይበልጥም ነበር።

አንድ ቀን ውርንጭላው አራት እግሩን ተክሎ እምቢ ባለ ጊዜ፣ «አባቴ፣ ለምን ጎትተው አያስኬዱትም?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ልጄ፣ ዛሬ ብጎትተው አሸንፈዋለሁ፤ የዛሬ ሁለት ዓመት ግን እርሱ ያሸንፈኛል። ኀይሉን ሳያውቅ እኔን ይወቀኝ» አሉኝ።

ከዚህ በኋላ ልጁ መንደርተኛውን በየተራ እየጠራ ውርንጭላውን በእንግዳ እጅ ያስነካው ጀመር። አዛውንቱም አልፎ አልፎ የአንገቱን ቆዳ በጣታቸው ቆንጠጥ ያደርጉታል፤ ጸንቶ ሲቆም ለኮውን አላልተው ጥቂት ገብስ ይሰጡታል። ነገሩ ለጨዋታ ይመስለኝ ነበር።

በግንቦት መጨረሻ የክትባት ቀን ሲደርስ የተከተቡትን የጋማ ከብቶች በመዝገብ እንድጽፍ ታዝዤ ወጣሁ። ብዙዎቹ ፈረሶች ከጫፍ እስከ ጫፍ በገመድ ተይዘው፣ አራትና አምስት ጎልማሶች ተረባርበውባቸው በግድ ተከተቡ። አንድ መልከ መልካም ቦራ ፈረስ ግን መርፌው ገና ሳይነካው ያዦቹን ጥሎ፣ ገመዱን እየጎተተ ወደ ቁጥቋጦው ገባ። ባለቤቱ ሲከተለው ዋለ፤ ሳይዘውም መሸ። በመዝገቤ ላይ የዚያ ፈረስ መስመር ባዶ ቀረ። የዳማው ተራ ሲደርስ ያ ትንሽ ልጅ ብቻውን ይዞት ቀረበ። ሐኪሙ አንገቱን ቆንጠጥ አድርጎ ሲወጋው ጆሮውን አነቃነቀ እንጂ አልተንቀሳቀሰም፤ ለኮው በልጁ እጅ ላልቶ እንደ ተንጠለጠለ ነበር።

ዝናቡ አባርቶ መስከረም ሲጠባ ቦራው ታመመ። ከዓይኖቹ በላይ ያለው ጉድጓድ አበጠ፤ ከአፍንጫው አረፋ ወረደ፤ በጥቂት ቀንም ሞተ። ባለቤቱ ፈረሱን ይወድ እንደ ነበረ መንደሩ ሁሉ ያውቃል። ነገር ግን ፈረሱ የሰውን እጅ የሚያውቀው ሲጫንና ሲለጎም ብቻ ስለ ነበረ፣ ሊያድነው የመጣውን እጅ ከሚያስጨንቀው እጅ ለይቶ ሊያውቅ አልቻለም።

ሰውን ከእንስሳ ጋር ማመሳሰል አይገባም፤ ሰው የሚመራው በቃልና በምክንያት እንጂ በለኮ አይደለም። ሆኖም መተማመን በሚያስፈልግበት ቀን ተሠርቶ የሚደርስ ነገር አለመሆኑ በሁለቱም ዘንድ አንድ ነው። እኛ የመንግሥት ሠራተኞች በባላገሩ ደጅ የምንታየው ግብር በሚሰበሰብበትና ትእዛዝ በሚነገርበት ቀን ብቻ ከሆነ፣ መድኃኒት ይዘን በሄድን ቀን ቢሸሸን ልንፈርድበት አንችልም። መምህሩም እንዲሁ ነው፤ ተማሪው ድምፁን የሚያውቀው በቁጣ ብቻ ከሆነ ምክሩን እንደ ቁጣ ይሰማዋል። ስለዚህ ችግር በሌለበት ቀን ሄዶ መጠየቅ፣ አንዲት እርምጃ የተራመደውን ወዲያው ማመስገን፣ የያዙትንም ገመድ በጊዜው ማላላት ከሥራችን ውጭ የሆነ ትርፍ ደግነት ሳይሆን የሥራችን መጀመሪያ ነው።