በእግር የምታልቀው ከተማ

ደብረ ታቦር ድሮ በእግር ታልቅ ነበር። ከኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ሥር ተነሥቶ ቁልቁል ወደ ገበያው የወረደ ሰው አንድ ጀበና ቡና እስኪፈላ ይደርሳል፤ የሚያዘገየው ሰላምታው ነው። ሰላምታው ደግሞ ቀላል ጉዳይ አልነበረም። አንቱ የሚባል ሰው ከፊት ከመጣ ጋቢን ከትከሻ ዝቅ ማድረግ፣ ከመንገዱ ገለል ብሎ ጎንበስ ማለት፣ ከዚያም ስለ ልጆቹ፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ ዝናቡ በተራ መጠየቅ አለ። «እንደምን አደሩ» ብቻ ተብሎ የሚታለፈው እንግዳ ነበር። እሱም ቢሆን ከየት እንደመጣና ማን ዘንድ እንዳረፈ እስከ ማታ ይታወቃል።

ከተማዋ 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ጉና በምሥራቅ በኩል ቆሞ ብርዱን ይልክባታል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ጉም ሲወርድ ከዳገቱ የሚመጣው ሰው ከመታየቱ በፊት ሳሉና የዱላው ኳኳታ ይሰማ ነበር። ባሕር ዳር ሜዳ ስለሆነች ብስክሌት ለመዳት፤ ተማሪው፣ ሠራተኛው፣ ሴቱም ወንዱም በብስክሌት ይፈስ የነበረበትን ጊዜ ያየ ሁሉ ይናፍቀዋል። የእኛ ዳገት ለብስክሌት አይመችም። እኔ በማስታውሳት ደብረ ታቦር የከተማ አውቶቡስ የሚባልም ነገር አልነበረም። ሰፈርን ከሰፈር የሚያገናኘው አቋራጭ ነበር።

እዚህ አቋራጭ ላይ ትንሽ መቆየት እፈልጋለሁ፤ የከተማዋ ትልቁ ሀብት እሱ ነበርና። ዋናውን መንገድ የሚይዘው መኪናና እንግዳ ነው። የአገሩ ሰው በቁልቋልና በቅትቅታ አጥር መካከል እየተሹለከለከ፣ የአንዱን ጓሮ ሰንጥቆ የሌላውን ደጅ ረግጦ ያልፋል። ጓሮው የባለቤቱ ነው፤ ማለፊያው ግን የሁሉ ነበር። ይህን የጻፈው ሕግ የለም፤ የሚያስከብረው ግን ሰፈሩ በሙሉ ነው። የሚያልፍ ሰው ድምፁን ያሰማል፤ ቤት ውስጥ ያለውን ሰላም ይላል፤ ልቅሶ ካለ ይቆማል። አጥር የሚያጥር ሰውም የእግር መንገዱን ትቶ ያጥር ነበር።

ከትምህርት ቤት ስንመለስ የምንይዘው አቋራጭ በአንዲት ጠላ ጠማቂ ጓሮ ያልፍ ነበር። ጋኖቹ በግራዋ ታጥበው ወይራ ላይ ተደፍተው ይታጠናሉ፤ ጌሾው ቁርበት ላይ ተሰጥቷል፤ ከጓዳው የአሻሮ ሽታ ይወጣል። በር ላይ በረጅም እንጨት ጫፍ የተሰቀለው ጣሳ ጠላ መድረሱን ይናገራል። «እትዬ፣ እንለፍ?» እንላለን። «እለፉ፣ ጌሾዬን እንዳትረግጡ!» ይሉናል። ደግሞ ከመካከላችን አንዱን ይይዙና «ለእናትህ እሑድ ማኅበሩ እኛ ዘንድ ነው በላት፤ እንዳትረሳ!» ብለው ይልኩታል። እንዲህ እንዲህ እያለ ወሬውም መልእክቱም በዚያው በአቋራጩ ይሄድ ነበር። ስልክ ያልነበረው ሰፈር ምንም ነገር አያመልጠውም ነበር።

አቋራጩ ክፍት ሆኖ የኖረው መሀል ከተማው ሰው ስለሚኖርበት ነው። የመሀሉ ቤት የጭቃና የቆርቆሮ ቤት ነው፤ ፊቱ ሱቅ፣ መካከሉ መደብ ያለበት ሳሎን፣ ጀርባው ማድ ቤትና ጓሮ። ባለሱቁ ሲርበው መጋረጃውን ገልጦ ይገባል፤ ሚስቱ ሊጥ እያቦካች ደንበኛ ታስተናግዳለች። በሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. ትርፍ ቤትና የከተማ ቦታ ሲወረስ ብዙዎቹ ቤቶች የቀበሌ ሆኑ። ባለቤቶቹ ያዘኑበትን ሐዘን አውቀዋለሁ፤ ሲያወሩት ሰምቼ አድጌያለሁ። ነገር ግን በጥቂት ብር ኪራይ መበለቷም፣ መምህሩም፣ ጫማ ሰፊውም መሀል ከተማ እንዲኖሩ ያደረገው እሱ ነበር። በረንዳው ላይ ልብስ ሰፊው የሲንጀር መኪናውን ዘርግቶ ይውላል። እግሩ ፔዳሉን፣ እጁ ጨርቁን፣ ዓይኑ መንገዱን ይዞ። የማንን ልጅ ማን እንደመታው፣ የማን በግ እንደጠፋ፣ ማን ከየት እንደተመለሰ የሚጠየቀው እሱ ነበር። ማታ ሱቁ ሲዘጋ መብራቱ ወደ ውስጠኛው ክፍል ይዛወራል እንጂ ቤቱ አይጨልምም።

በገበያ ቀን ከተማዋ ከአቅሟ በላይ ትሞላለች። ከጉና ሥር፣ ከጋሳይ፣ ከፋርጣ ቀበሌዎች ሁሉ ሌሊት የተነሣ ሰው ገብስና ድንች በአህያ ጭኖ፣ በግ እየነዳ፣ ዶሮ አንጠልጥሎ ይገባል። የከተማው መግቢያ ላይ ካለው ወራጅ ውኃ ዳር የሚቀመጡትን ሴቶች እስከ ዛሬ አያቸዋለሁ። ባዶ እግራቸውን መጥተው፣ እዚያ እግራቸውን ታጥበው፣ ከነጠላቸው ጫፍ የኮንጎ ጫማቸውን ፈትተው ይጫሙና ቀሚሳቸውን አስተካክለው ይገባሉ። ከተማ የሚገባው በክብር ነበር። ጥር 25 ቀን ደግሞ የመርቆሬዎስ በዓል ሲከበር መንገዱ የፈረስ ይሆናል። የተሸለመው ፈረስ፣ የጉግሱ አቧራ፣ የሽማግሌዎቹ ፉከራ! ከተማው በሙሉ ለሰኮና ቦታ ይለቅ ነበር።

መናኸሪያው ሌላ ዓለም ነው። የአዲስ አበባው አውቶቡስ ንጋት ላይ ይነሣል፤ ከገጠር የመጣ መንገደኛ ዋዜማውን አልቤርጎ ያድራል፣ ያጣም ዘመድ ይፈልጋል። ደብረ ማርቆስ ታድሮ በማግሥቱ ነበር አዲስ አበባ የሚገባው። ረዳቱ ፖርቶ መጋላው ላይ ወጥቶ ከረጢቱን፣ የቅቤ ቅሉን፣ የታሰረውን በግ በተራ ይደረድራል። አንድ ጊዜ አንዲት አሮጊት ዶሮ ታቅፈው በሩ ላይ ቆመው «እማማ፣ ዶሮዋን ይስጡኝ፣ ላይ ልሰራት» ሲላቸው፣ «ልጄ፣ ይቺ ልጄ ለወለደችው የማርያም አራስ ነው የምትሄድ፤ ንፋስ አይምታት» አሉት። ረዳቱ አልተከራከረም። አሮጊቷም ዶሮዋም ከሾፌሩ ጀርባ ተቀመጡ። ከሰዓት በኋላ የሚገባው አውቶቡስ ጡሩምባ ከተሰማ ደግሞ የሚጠብቀው ሰው ያለውም የሌለውም ይወጣል። የሚወርደውን ሰው ማየት ብቻ የሚበቃን ልጆች ነበርን።

ይህ ሁሉ ሲሆን መንገድ መቅደድ ለአገሩ እንግዳ ነገር አልነበረም። ከከተማዋ ትንሽ ወጣ ብሎ ያለው ጋፋት ዐፄ ቴዎድሮስ አውሮፓውያን ሚስዮናውያንንና የእጅ ባለሙያዎችን አስፍረው መድፍ ያሠሩበት ቦታ ነው። 7 ቶን ገደማ የሚመዝነው ሴባስቶፖል እዚያ ተሠርቶ በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ወደ መቅደላ ጉዞ ጀመረ። ንጉሠ ነገሥቱ ሲነሡ ደብረ ታቦርን አቃጥለዋት ነበር። መንኮራኩር የሚያልፍበት መንገድ ስላልነበረ እየቀደዱ፣ ራሳቸውም ከሠራዊቱ ጋር ድንጋይ እያነሡ፣ በጨጨሆና በቤተ ሆር፣ በዥጣ ገደል አውርደው አውጥተው መጋቢት ላይ መቅደላ አደረሱት። ስድስት ወር ያህል ፈጀ። በትምህርት ቤት ዘመናችን በእግር ወደ ጋፋት ስንወሰድ የሚታይ ብዙ ነገር አልነበረም፤ ሣርና ድንጋይ፣ የሚግጥ ከብት። መምህራችን ግን «እዚህ ጋ ነው የተጀመረው» ብለው እጃቸውን ወደ ምሥራቅ ሲዘረጉ፣ ያን መድፍ የሚጎትተው ሕዝብ በዳገቱ ላይ የሚታየን ይመስለን ነበር።

ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ በደርግ ዘመን ቻይናውያን ከወረታ ተነሥተው፣ ደብረ ታቦርን፣ ነፋስ መውጫንና ጨጨሆን አቋርጠው እስከ ወልድያ መንገድ ሠሩ። ሕዝቡ እስከ ዛሬ የቻይና መንገድ ይለዋል። ከባሕር ዳር መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ነን፤ ዓለም በርን፣ ዓለም ሳጋን እያየን ዳገቱን ወጥተን የምንገባበት መንገድ እሱ ነው። በእኔ ዕድሜ ያለ ሰው ለዚህ መንገድ ያለው ፍቅር ትልቅ ነው፤ ብዙዎቻችንን ለትምህርት አውጥቶናል፤ የታመመ ዘመዳችንን ለሕክምና አድርሶልናል።

ከዚያ ባጃጅ መጣ። ሰማያዊዎቹ ባለ ሦስት እግሮች ዳገቱን እያቃሰቱ ሲወጡ ከተማው በደስታ ነው የተቀበላቸው፤ ደስታውም ትክክል ነበር። ምጥ የያዛት ሴት በቃሬዛ መጓዟ ቀረ። ጉልበቱ የከዳው አዛውንት ቅዳሴ መሄድ ቻለ። ሥራ ፈትቶ የዋለ ወጣት ባለሙያ ሆነ። ኮብልስቶኑም እንዲሁ ነው፤ ድንጋይ ፈልጠው መንገድ ያነጠፉት የሰፈራችን ልጆች ናቸው፤ ክረምት ላይ ጭቃ ለዋጠው ሰው ትርጉሙ ይገባዋል። ይህን ሁሉ አልክድም፤ ማንም ወደ ጭቃው ይመለስ አልልም።

ከተማዋም አድጋለች። በ1987ቱ ሕዝብ ቆጠራ 22,455 የነበረው ነዋሪ በ1999ኙ 55,596 ደርሶ ነበር። በ2004 ዩኒቨርሲቲው ተከፈተ፤ ተማሪው፣ መምህሩ፣ ምግብ ቤቱ፣ ኪራዩ ሁሉ ከተማዋን ወደ ዳር ሳባት። አስፋልቱን ተከትላ ረዘመች። አሁን ከዳር እስከ ዳር በእግር የሚሄድ ሰው ብርቱ ጉዳይ ያለው ወይም ሳንቲም የሌለው ነው።

እድገቱ አይደለም ያሳዘነኝ። የሚያሳዝነኝ መሀሉ ነው። የመሬት ሊዝ ዋጋ ወጣ፤ በብዙ የክልል ከተሞች እንደሆነው ሁሉ መሀል ላይ የሚሠራ ቤት ፎቅ ይሁን ተባለ፤ ፎቅ መሥራት የማይችለው ካሳውን ወይም ምትክ ቦታውን ይዞ ወደ ዳር ወጣ። በጭቃ ቤቶቹ ቦታ መስተዋት የለበሱ ሕንፃዎች ቆሙ፤ ምድሩ ባንክ፣ አንደኛው ፎቅ ካፌ፣ ከላይ ቢሮ። ቀን ይደምቃሉ። ከምሽቱ ሁለት ሰዓት በኋላ የሚቀረው ዘበኛው ነው። ልብስ ሰፊው ከበረንዳው ተነሥቷል፤ በረንዳውም የለም። ጠላ ጠማቂዋ ካረፉ ቆይተዋል፤ ጓሯቸው በብሎኬት ታጥሯል፤ በሩ የብረት ነው። የምናልፍበት ቦታ ላይ ዛሬ ልጅ ቢመጣ ዞሮ አስፋልት ይወጣል፤ አስፋልት ላይ ደግሞ እናቱ ስለምትሰጋለት በባጃጅ ይሄዳል። ስለዚህ የሰፈሩን ልጅ የሚያውቀው ሰው እየጠፋ ነው። ሕፃኑም ቢሆን የአጎራባቹን ጓሮ ሽታ አያውቀውም።

ከ2015 ማብቂያ ወዲህ ባለው ግጭት መንገድ በተዘጋ፣ ባጃጅም በታገደ ቁጥር ከተማው ተመልሶ በእግሩ ይሄዳል። እንዲህ ያለው የእግር ጉዞ ያኔ የምናውቀው አይደለም። ሰው ራሱን አቀርቅሮ፣ ሰላምታውን አሳጥሮ፣ ሳይመሽ ለመግባት የሚሄደው ነው። የምናፍቀው ሰላም ያለበትን፣ ቆሞ ለመጠያየቅ ጊዜ ያለበትን እርምጃ ነው። በስልክ «እንዴት ናችሁ?» ስላቸው «ደኅና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን፤ ከቤት አንርቅም» የሚሉኝ ዘመዶቼ ድምፅ ውስጥ ከተማዋ ምን ያህል እንደጠበበች እሰማለሁ።

አሁን የኮሪደር ልማት የሚባለው ሥራ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ክልል ከተሞች ወርዷል። የእግረኛ መንገድ ሰፋ ይላል፣ መብራት ይተከላል፣ ዛፍ ይተከላል፤ መልካም ነው። እኔ የምለምነው ግን ከዋናው መንገድ ጀርባ ያለው እንዳይረሳ ነው። ከአሮጌዎቹ አቋራጮች የተረፉ ጥቂቶች አሉ፤ በኢየሱስ ዳገት በኩል፣ በገበያው ጀርባ። ስፋታቸው ሁለት ሰው ጎን ለጎን የሚያሳልፍ ነው። ካርታ ላይ የሉም፤ ስለዚህ ብሎኬት የሚደረድር ሰው ማንንም ሳይጠይቅ ይዘጋቸዋል። ደረጃ ቢሠራላቸው፣ ኮብል ቢነጠፍላቸው፣ አንድ መብራት ቢበራላቸው ገበያተኛውም፣ ቅዳሴ ሄያጁም፣ ተማሪውም ይሄድባቸዋል። በመሀሉም ከባንኩና ከካፌው በላይ ሰው የሚያድርበት ክፍል ቢሠራ፣ ኪራዩም መምህርና ነርስ የሚችለው ቢሆን፣ ማታ መብራት የሚታይበት መስኮት ይኖራል። አቋራጮቹን አንድ በአንድ የሚያውቁ፣ የትኛው በማን ጓሮ ያልፍ እንደነበረ በስም የሚቆጥሩ አዛውንቶች ዛሬም በሕይወት አሉ። የከተማውን ፕላን የሚነድፉት ወጣት መሐንዲሶች ከእነሱ ጋር አንድ ጧት ከኢየሱስ ሥር ተነሥተው ቀስ እያሉ እስከ ገበያው ቢወርዱ፣ ወረቀታቸው ላይ የሚያሰምሩት ብዙ ያገኛሉ።