ማሽኑስ መጣ፤ አሠልጣኙስ?

ይህን የምጽፈው የሌላ ሰው ጥፋት ለማውጣት ሳይሆን የራሴን ለመናገር ነው።

ወደዚህ ተቋም ከመምጣቴ በፊት በአንድ የክልል ፖሊቴክኒክ ኮሌጅ የማሽን ሥራ ሠልጣኝ ነበርኩ። ቶርኖውን በእጃችን እያዞርን፣ በካሊፐር እየለካን ስንማር ቆይተን አንድ ቀን መንግሥት የገዛው ሲኤንሲ፣ ማለትም በኮምፒውተር የሚታዘዝ ቶርኖ፣ በትልቅ ሣጥን ታሽጎ መጣ። ደስታችን ወሰን አልነበረውም። «በቃ፣ ሠለጠንን!» ያለም ነበር።

መምህራችን ግን በማሽኑ ላይ ያገኙት የጥቂት ቀን ገለጻ ብቻ ነበር። ተራዬ ደረሰና የብረት ዘንግ የሚቆርጥ ፕሮግራም ጻፍኩ። ጂ01 ማለት ሲገባኝ ጂ00 ብዬ ኖሯል። ጂ01 መቁረጫው በተወሰነለት ፍጥነት እየቆረጠ እንዲሄድ ያዛል፤ ጂ00 ግን ብረት በሌለበት ቦታ በሙሉ ፍጥነት እንዲሮጥ ነው። ልዩነቱ አንዲት ቁጥር ናት። ቁልፉን ብጫነው መቁረጫው ተወርውሮ ከብረቱ ጋር ተላተመ፤ ስብርብሩ ወጣ።

መምህሬ አልተቆጡኝም። በቀስታ፣ «እኔም ብሆን አላየሁትም ነበር፣ ልጄ» አሉኝ። ከዚያን ቀን ወዲያ ማሽኑ ላስቲክ ለበሰ፤ እስክንመረቅም የገለጠው የለም። የተሰበረው መቁረጫ ይተካል፤ ድፍረታችን ግን ሳይተካ ቀረ።

መድኃኒቱን ያገኘሁት እዚህ ነው። መጀመሪያ ብረት ሳይታሰር ፕሮግራሙን በባዶ ማስኬድ፤ ቀጥሎ መስመር በመስመር እያስቆሙ ማየት፤ እጅን ከአደጋ ማቆሚያው ቁልፍ አለማራቅ። ይኸው ነው። ይህን ያህል ትንሽ ትምህርት አጥተን ያ ሁሉ የሕዝብ ገንዘብ ጥግ ይዞ ተቀመጠ።

እስቲ ባሕር ዳርን ልብ በሉ። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው እ.ኤ.አ. በ1961 ሲከፈት፣ በሶቭየት ኅብረት ትብብር የተሠራው ፖሊቴክኒክ በ1963 ተከተለ። መምህራን የሚወጡበት የፔዳጎጂ አካዳሚ ደግሞ በ1972 ተቋቋመ። ሁለቱ ትምህርት ቤቶች በ2000 ተዋሕደው ዩኒቨርሲቲ ሆኑ። ፋብሪካ ያለ ባለሙያ፣ ባለሙያም ያለ መምህር አይቆምም።

ስለዚህ መንግሥት ለክልል ማሠልጠኛዎች ማሽን ሲገዛ ለአሠልጣኙ ልምምድና ለመለዋወጫው አብሮ ይመድብ እላለሁ። ይህ የበላዮች ፈንታ ነው። የእኛስ? ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል ይባላል፤ እኛ ዘንድ የሚቀረው ማሽኑ ነው።

ነገ በየክልሉ ስንመደብ ላስቲክ የለበሰ ማሽን ይጠብቀን ይሆናል። እኔ ላስቲኩን እገልጣለሁ። የማላውቀው ነገር ካጋጠመኝም በሠልጣኞቼ ፊት፣ «አላውቅም፤ ጠይቄ እመጣለሁ» እላለሁ። እናንተስ?