እትዬ ዘነቡ ልጆቿን አወረደች

ወረዱ!

ዛሬ ጠዋት ፊቴን ሳልታጠብ ቀዩን ባትሪ ይዤ ወደ መስታወት ሣጥኗ ሳጎነብስ የእትዬ ዘነቡ ጀርባ ባዶ ነው። ባዶ! ልጆቹ የመጀመሪያ ቆዳቸውን ቀይረው፣ ቅርፊቱ ላይ ተበትነው፣ ቀጫጭን እግሮቻቸውን እያወናጨፉ ዓለምን ይዳስሳሉ። "እስካሁን አልወረዱም እንዴ?" እያላችሁ ኢንቦክሴን ስታጨናንቁ ለሰነበታችሁ ሁሉ፣ እንኳን ደስ ያላችሁ። ስንት ናቸው ብላችሁ ግን አትጠይቁኝ። መቁጠር ስጀምር ቦታ ይቀያየራሉ፤ ደግሞም እናቴ ልጅ አይቆጠርም ብላ ነው ያሳደገችኝ።

አዲስ የገባችሁ ከላይ ፒን ያደረግሁትን አንብቡ። ማንበብ ለሚያታክታችሁ ብቻ፦ አዎ፣ ባለ ጅራፍ ሸረሪት ናት። ዝርያዋ ዳሞን ዲያዴማ ይባላል፤ ኬንያና ታንዛኒያ አገሯ ነው። መርዝ የላትም። አዎ፣ በአራተኛው የሃሪ ፖተር ፊልም ላይ መምህሩ ተማሪዎች ፊት በድግምት የሚያሠቃያት ፍጥረት የእሷ ዘመድ ናት፤ ከእ.ኤ.አ. 2005 ወዲህ እንግዳ ቤቴ በመጣ ቁጥር ያንን ፊልም ሳስተባብል እውላለሁ። ጅራፍ ስላችሁም የቡሄ ጅራፍ አይምሰላችሁ፤ አይጮህም፣ ማንንም አይገርፍም። የፊት እግሮቿ ናቸው። አትራመድባቸውም፤ በጨለማ ታሸትባቸዋለች፣ ትዳስስባቸዋለች። በቀሩት ስድስት እግሮች ወደ ጎን ትሄዳለች። ድር ደግሞ አታደራም። ስለዚህ "ድር ቢያብር አንበሳ ያስር" እሷን አይመለከታትም። ብቻዋን፣ በእሾሃም ክንዶቿ፣ በረሮ ታስራለች፤ ያ ይበቃታል።

ይኸን ቀን ለማየት የተሠራው ሥራ በአብዛኛው እጅን መሰብሰብ ነው። ወንዱን፣ ጋሽ ሽፈራውን፣ ከእሷ ጋር ያገናኘሁ ለት ቁጭ ብዬ ነው ያደርኩት። ፒተር ቫይጎልት የሚባሉ ጀርመናዊ ሊቅ ስለነዚህ ፍጥረታት ብቻ ሙሉ መጽሐፍ ጽፈዋል፤ እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመ ነው፣ ቤቴ ውስጥ ከመጽሐፍ ቅዱስ ቀጥሎ የተገለጠ መጽሐፍ እሱ ነው። ቢሆንም ዓይን ሲያየው ሌላ ነው። ወንዱ ጅራፎቹን እያንቀጠቀጠ ለሰዓታት ይለማመጣታል። ከዚያ የዘሩን ከረጢት መሬት ላይ ተክሎ ወደዚያ ይጋብዛታል። ከፈቀደች ታነሳዋለች፣ ካልፈቀደች ትታው ትሄዳለች። ሽማግሌ ተልኮም እንደዚህ በሥርዓት አይጠየቅ!

እንቁላሉን ሆዷ ሥር አቅፋ ሦስት ወር ገደማ ትዞራለች። በዚያ መሃል ከተጨነቀች ትበላዋለች። ጎረቤቴ ድሪሉን ባነሳ ቁጥር እኔ ነበርኩ ምጥ የሚይዘኝ። ሙቀቱን 25 ዲግሪ አካባቢ፣ እርጥበቱን 75 በመቶ አካባቢ ጠብቆ፣ ውኃ ረጭቶ፣ ክሪኬት ጥሎ፣ ዘወር ማለት። ዘወር ማለት ለእኛ ሕዝብ ይከብደናል። አራስ ቤት ግር ብሎ ገብቶ ሕፃኑን አገላብጦ ካልሳመ የጠየቀ የማይመስለው ሕዝብ ነን። የተፈለፈሉ ለት ፈዛዛ አረንጓዴ ሆነው፣ ተደራርበው ጀርባዋ ላይ ወጡ። እንደዚያ ሳሉ የወደቀ ዕድሉ ጠባብ ነው። እስኪወርዱ ድረስ ቤቴ ውስጥ በር እንኳ ተወርውሮ አልተዘጋም።

እና ደስታዬን ላካፍል እናቴ ጋ በቪዲዮ ደወልኩ።

"በስመ አብ ወወልድ!" ስልኩን ወደ ጣሪያ አነሳችው። ለተወሰነ ጊዜ የማየው አምፖል ብቻ ነበር። ቀስ ብላ ተመለሰች። "ወልዳ ነው የምትይኝ?"

"አዎ እማዬ። ልጆቿን አዝላ ሰንብታ ዛሬ አወረደቻቸው።"

"አዝላ?" ድምጿ ተለወጠ። "እንኳን ማርያም ማረቻት። ገንፎ የሚያገነፋላት አላት?"

ክሪኬት እጥልላታለሁ አልኳት። "ወይ ስደት!" አለች፤ ለማን እንዳዘነች አልገባኝም። ቀጥላ ያቺን የማትቀር ጥያቄዋን አመጣች። "የወንድምሽ ነገርስ?"

የወንድሜ ነገር።

እዚህ ላነሳው አልነበረም። ወንድሜ ሊጠይቀኝ ቪዛ አመልክቶ ተከለከለ። ደግሞ አመለከተ፣ ደግሞ ተከለከለ። የኤምባሲውን ስም አልጠራም፤ ደጅ የጠና ደጁን ያውቀዋል። የባንክ ደብተር፣ የሥራ ደብዳቤ፣ የቤት ካርታ፣ የጋብቻ ወረቀት፣ የልጆቹ የልደት ሰርተፍኬት፣ የእኔ የግብዣ ደብዳቤ፤ ክላሰሩ አልዘጋ ብሎ በላስቲክ ታስሮ ነው የገባው። መልሱ አንዲት ገጽ። ወደ አገሩ እንደሚመለስ አላሳመናቸውም። ሰውዬው ሚስቱን፣ ልጆቹን፣ ዕጣ ያልደረሰውን ዕቁቡን ጥሎ እኔ ሶፋ ላይ ሊቀር! ሶፋዬን አይተውት ቢሆን ቪዛውን አሽገው ይሰጡት ነበር።

ዘነቡስ? ከምሥራቅ አፍሪካ ጫካ ተለቅማ፣ በእርጥብ ሶፍት ተጠቅልላ፣ ክዳኑ በተበሳ የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ በካርጎ መጣች። "ትመለሻለሽ ወይ?" ያላት የለም። ስቴትመንት አላሳየችም፣ አሻራ አልሰጠች (ቢጠይቋትስ የትኛውን እግሯን ልትሰጥ ነው!)። ዘር ማንዘሯ በዚህ ምድር ላይ ከ300 ሚሊዮን ዓመት በላይ አላቸው። ያኔ ዳይኖሰር አልነበረም፣ ቆንስላም አልነበረም። ከእኛው ሰፈር ተነስታ፣ በእኛው አየር ላይ በርራ፣ ይኸው ቤቴ ወልዳ ትጠየቃለች። ወንድሜ የእህቱን ቤት በስልክ ነው የሚያውቀው።

ለነገሩ እሷም በደህና አልመጣችም። አንድ ጅራፏ ተቆርጦ፣ መገጣጠሚያዋ ላይ ጥገኛ ተባይ ይዛ፣ ውኃ ጠምቷት ሆዷ ጠፍጥፎ ነው የደረሰችው። ሻጩ ግን "በቤት የተፈለፈለች ናት" ብሎ ምሎልኝ ነበር። የጫካ መሆኗን ስነግረው አያያዝ አታውቂም፣ ስሜን አጠፋሽ ብሎ አገር ይያዝልኝ አለ። ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል ማለት ይኸ ነው። ጅራፏን በሚቀጥለው ቆዳ ቅየራ መልሳ አበቀለችው፤ በቂሙ ያለሁት እኔ ነኝ።

ታንዛኒያ እ.ኤ.አ. በ2016 የዱር እንስሳትን ከነሕይወታቸው ወደ ውጭ መላክ አገደች። በኛ በአርቢዎቹ መንደር ይኸ ሲነሳ ዛሬም ይንጫጫሉ። እኔ ደግ አደረጉ ባይ ነኝ። ከጫካ የተለቀመ ርካሽ እስከሆነ ድረስ ማን ቁጭ ብሎ ያረባል? ማርባት እኮ የዕድሜ ሥራ ነው። እነዚህ ዛሬ የወረዱት ለአቅመ አዳምና ለአቅመ ሔዋን የሚደርሱት ከዓመት በላይ ቆይተው ነው። በየመሃሉ ቆዳ በቀየሩ ቁጥር ቁልቁል ተንጠልጥለው ነው የሚወጡት፤ ከሥራቸው በቂ ባዶ ቦታ ከሌለ ተጣምመው ይቀራሉ። አንድ የተረሳ ክሪኬት ደግሞ ያንን ለስላሳ ገላ ይግጠዋል። ጎልማሳ ከሆኑም በኋላ ቆዳ መቀየራቸውን አይተዉም፣ ሥጋቱም አይተውም።

ወደ ዛሬ ልመለስ፣ ተናድጄ ዋናውን ረሳሁት።

የኮርኔሏ ሊንዳ ሬየር ከሊሳ ቴይለር ጋር እ.ኤ.አ. በ2006 ያሳተሙት ጥናት ይኸንኑ የዘነቡን ዝርያ ይዟል። እናቲቱ ከልጆቿ መሃል ተቀምጣ በጅራፎቿ ቀስ እያለች ትዳስሳቸዋለች፣ እነሱም እርስ በርስ ይዳሰሳሉ፣ ወደማያውቁት ቦታ ቢዛወሩ ተፈላልገው ይሰበሰባሉ ይላል። ስንቴ እንዳነበብኩት! ዛሬ ከሰዓት ግን አየሁት። ዘነቡ ከቅርፊቱ አልተነቃነቀችም። አንዱን ጅራፍ ወደ ግራ ዘረጋች፣ ጥግ የያዘውን ነካ፣ ነካ። ወደ ቀኝ ዘረጋች፣ ሌላዋን ነካ። ሁሉንም አዳረሰች። ከዚያ እንደገና ከመጀመሪያው። ፍቅር ነው ወይ ብትሉኝ እኔ እንጃ፣ ያጠኑትም ቃሉን በጥንቃቄ ነው የሚይዙት። እናቴ ግን ስልኩን ከመዝጋቷ በፊት "በላሽ? ለበስሽ? ማሞቂያው ይሠራል?" ብላ ቆጥራብኝ ነበርና ወንበሩ ላይ ትንሽ ፈዝዤ ቀረሁ። ሻዩም በረደ።

"መቼ ነው የምትሸጪልን?" ለምትሉ፦ አሁን አይሸጡም። ሲጎለምሱ ለሚያረባ ሰው እሰጣለሁ፤ ለቲክቶክ መዳፉ ላይ አስቀምጦ ለሚጮኽ አልሰጥም። ስም አውጡልኝ ስል "ፓስፖርት" ብለሽ የጻፍሽው ልጅ፣ ሳቄን አልቻልኩም፤ ትልቁ ፓስፖርት ተብሏል።

"ወንድምሽ ለምን በሌላ አገር አይሞክርም?" ልትሉ እየጻፋችሁ ያላችሁ ደግሞ፦ ሞክሯል።