ውኃ የማይሻው መላጫ

በኤሌክትሪክ የሚሠራው የጺም መላጫ ብዙ ጊዜ የስንፍና ልጅ ተደርጎ ይታያል፤ ጠዋት መስተዋት ፊት ቆሞ የሳሙና አረፋ ለመምታት ትዕግሥት ያጣ ሰው የፈጠረው ይመስላል። የትውልዱ ታሪክ ግን ከስንፍና ይልቅ ከብርድና ከወለምታ ጋር የተያያዘ ነው።

ፈልሳፊው ጃኮብ ሺክ የአሜሪካ ጦር መኮንን ሲሆን፣ ፊሊፒንስ ውስጥ ሲያገለግል በተቅማጥ ጤናው ስለታወከ ቀዝቃዛ አየር ይሻለዋል ተብሎ ወደ አላስካ ተላከ፤ ለሕመምተኛ አላስካን ማዘዝ የሐኪሞቹን ድፍረት ያሳያል። ከጦሩ ከወጣ በኋላም በዚያው ውርጭ አገር ማዕድን ሲፈልግ እግሩ ወለም ብሎት ከሰፈሩ መውጣት ስለተሳነው፣ በብርድ ውስጥ በውኃና በሳሙና መላጨት ምን ያህል ፈተና እንደሆነ አብሰልስሎ በደረቁ የሚላጭ መሣሪያ ነደፈ። ንድፉ ሞተሩን በተጣጣፊ ገመድ ከመላጫው ጋር የሚያገናኝ ግዙፍ ነገር ስለነበር አምራቾቹ አልተቀበሉትም፤ አይፈረድባቸውም። የሚገርመው ለሕልሙ ማስፈጸሚያ ገንዘብ የሰጠው ራሱ ሊሽረው የተነሣው ምላጭ መሆኑ ነው፦ ሺክ ጥይት በካዝና ከሚጎርሰው ጠመንጃ ሐሳቡን ወስዶ፣ ትርፍ ስለቶችን በእጀታው ውስጥ የሚይዝ መላጫ ሠርቶ ኩባንያ ካቋቋመ በኋላ፣ ኩባንያውን ሸጦ ገንዘቡን ለደረቁ መላጫ አዋለው። መሣሪያው እ.ኤ.አ. በ1931 በ25 ዶላር ለገበያ ሲቀርብ አሜሪካ በኢኮኖሚ ውድቀት ውስጥ ነበረች፤ ቢሆንም ተፈላጊነቱ እየጨመረ ሄደ። በ1939 ደግሞ የኔዘርላንዱ ፊሊፕስ ኩባንያ፣ አሌክሳንደር ሆሮዊትዝ የነደፈውንና ስለቱ የሚሽከረከረውን ዓይነት አመጣ።

የምላጭና የኤሌክትሪክ መላጫ ልዩነት ከአረፋው ይልቅ በአቆራረጡ ላይ ነው። ምላጭ በአንድ ስለት ብቻ ስለሚቆርጥ ጸጉሩ አስቀድሞ መለስለስ አለበት፤ ጸጉርና ጥፍር የተሠሩበት ኬራቲን የተባለው ፕሮቲን ለብ ያለ ውኃ ሲጠጣ ይላላልና፣ ሰዎች የሳሙናው ሽቶ የሚያመጣው የሚመስላቸውን ምቾት በአብዛኛው የሚያመጣው ውኃው ነው። የኤሌክትሪኩ መሣሪያ ግን በመሠረቱ መቀስ ነው፦ በተለመደው ዓይነት ጸጉሩ በተበሳ ስስ ብረት ቀዳዳ ይገባና ከሥሩ በሚንቀሳቀሰው ስለት ይቆረጣል። ብረቱ የቱንም ያህል ቢሳሳ በቆዳውና በስለቱ መካከል ስለሚቀር፣ ጉንጩ በምላጭ የተላጨውን ያህል አይለሰልስም።

ይህ ጉድለት ግን ለጸጉረ ከርዳዳ ሰው በረከት ነው። ምላጭ ከቆዳው ወለል ዝቅ አድርጎ ሲቆርጥ፣ የተቆለመመው ጸጉር ሲያድግ ተመልሶ ቆዳውን ይወጋና የሚያሳክክ እብጠት ያስከትላል፤ ሐኪሞችም ጺሙን በጥቂቱ አስቀርቶ መቁረጥን የሚመክሩት ለዚህ ነው። የለስላሳ አገጭ ፋሽን ይህን ምክር ሰምቶ እንደማያውቅ ግልጽ ነው።

በኢትዮጵያ ጸጉር ቤቶች ሁለቱ ወገኖች በአንድ ወንበር ላይ ይታረቃሉ፤ ባለሙያው ጺሙን በቶንዶስ፣ ማለትም በኤሌክትሪክ መቁረጫ፣ ካሳጠረ በኋላ አዲስ ምላጭ ለሁለት ሰብሮ በመያዣው ይሰካና ዳር ዳሩን ያሰምራል፤ በመጨረሻም ደንበኛው ጥርሱን ነክሶ አልኮሉን ይቀበላል።