«ለእማዬ እንዳትነግሯት»

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ በኩየራና በአካባቢው ላሉ ወጣት ነርሶች አልፎ አልፎ ሥልጠና እሰጣለሁ። በቅርቡ የደረሰኝ ርዕስ የጤና ሙያ ሥነ ምግባር ሲሆን፣ ለአንድ ሰዓት ተኩል የሚበቃ ስላይድ አዘጋጂ ተባልኩ። ሥራው የባለሙያ ቢመስልም ስሠራው የማስበው ስለየቤታችን ነበር።

በዚህ ርዕስ የሚዘጋጁ ስላይዶች አብዛኛውን ጊዜ ይመሳሰላሉ። ቢቻምፕና ቺልድረስ የተባሉ አሜሪካውያን ምሁራን በ1979 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት መጽሐፍ ያስተዋወቋቸው አራት መርሆዎች ይደረደራሉ፦ የታካሚን ውሳኔ ማክበር፣ መጥቀም፣ አለመጉዳትና ፍትሕ። ማብራሪያው በእንግሊዝኛ፣ በደቃቅ ፊደል ይከተላል። ሠልጣኙ ይገለብጠዋል፣ ከዚያ ይረሳዋል።

እኔ በአንድ ስላይድ ላይ አንድ ታሪክና አንድ ጥያቄ ብቻ ለማስቀመጥ ወሰንኩ። ፊደሉ ከኋላ ወንበር የሚነበብ፣ ቋንቋው አማርኛና አፋን ኦሮሞ፣ መብራት ቢጠፋ በትልቅ ወረቀት ጽፌ ግድግዳ ላይ የምለጥፈው ያህል አጭር።

ታሪኩ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። እንደ ኩየራ ባለች ትንሽ ከተማ ስም መሰረዝ ብቻ ምስጢር አይጠብቅም። «የአምስት ልጆች እናት፣ ባሏ ጋሪ የሚነዳ፣ ስኳር ያለባት» ብል ከሠልጣኞቹ ግማሾቹ ቤቷን ያውቁታል። ምስጢር መጠበቅን እያስተማሩ ምስጢር ማውጣት ይሆናል። ስለዚህ ከብዙ ቤት ያየሁትን አዋጥቼ ታሪኩን ራሴ ሠራሁት፤ የታካሚ ፎቶግራፍም አላስገባሁም።

ሦስተኛው ስላይድ እንዲህ ይላል፦ «እማማ 68 ዓመታቸው ነው። ምርመራው ካንሰር መሆኑን አሳየ። የበኩር ልጃቸው ነርሷን ከበር ውጭ ጠርቶ፣ ‹እህቴ፣ በፈጠረሽ፣ ለእማዬ እንዳትነግሯት፤ ጨጓራ ነው በሏት› አላት። ነርሷ ምን ትበል?»

ክፍሉ ለሁለት ተከፈለ። አንዱ ሕግ ጠቀሰ፤ በ2006 ዓ.ም. የወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 299 ታካሚ አውቆ እንዲስማማ ያዛል፣ እማማ ሳያውቁ ለቀዶ ሕክምና እንዴት ይፈርማሉ? አለ። አንዷ ደግሞ «የኔ እናት ብትሆን አልነግራትም፤ በድንጋጤ ትሞትብኛለች» አለች፣ ዓይኗ እንባ አቅርሮ።

ልጁን ክፉ ነው ያለ አልነበረም። መርዶ እንኳ በእኛ ዘንድ ማለዳ፣ ዘመድ ተሰብስቦ ነው የሚነገረው። የውብዳር በየነ የተባሉ ተመራማሪም አሜሪካ ስለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ስደተኞች በ1992 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጽሑፍ ይህንኑ አንስተዋል፤ የእኛ ሰው ክፉ ዜና በቅድሚያ ለቤተሰብ ወይም ለቅርብ ወዳጅ እንዲነገር ይፈልጋል።

አራተኛው ስላይድ አንድ መስመር ብቻ ነበረው፦ «እማማን ማን ጠየቃቸው?»

መልሱን ሠልጣኞቹ ራሳቸው አወጡት። ነርሷ ልጁን ሳትቆጣ ወደ እማማ ገብታ፣ «እማማ፣ ስለ ሕመምዎ የሚነገር ነገር ሲኖር ለእርስዎ እንንገር ወይስ ለልጅዎ?» ትበል። «ለልጄ ንገሩት፣ እሱ ያውቅልኛል» ካሉ ውሳኔው የእሳቸው ነው። «ለኔ ንገሩኝ» ካሉ ደግሞ ልጃቸው አጠገባቸው ተቀምጦ፣ እጃቸውን ይዞ ይስማ። አንዷ ሠልጣኝ ይህ ጥያቄ ከምርመራው በፊት ቢጠየቅ ይሻላል ብላ ጨመረችበት፤ ልክ ናት።

በሥራ ዘመኔ እንዳየሁት፣ ያልተነገራቸው አረጋውያን ብዙዎቹ ያውቃሉ። ልጆቻቸው ዓይናቸው ቀልቶ ሲገቡ ያያሉ። ልጆቹ እንዳያዝኑ እነሱም ይደብቃሉ። ማን ዕዳ እንዳለበት፣ የተኳረፉት ወንድማማቾች እንዲታረቁ፣ ሊሉት የነበረውን ሳይሉ ይሄዳሉ።

ይህ ጥያቄ ሆስፒታል ከመድረሱ በፊት፣ በደህና ቀን፣ ቡና ተፈልቶ ቢነሳ ይቀላል። ወላጆችና አያቶች፣ ሳትጠየቁ ቀድማችሁ ተናገሩ። ልጆች ደግሞ «አያድርገውና» ብላችሁ ጀምሩት። እኔ ለልጆቼ ነግሬያቸዋለሁ፦ መጀመሪያ ለኔ ይነገረኝ፣ ብቻ ማታ አይሁን።